ቤንዚን ፓምፑን ከመቀየርህ በፊት ለካ፦ የድሮ ካርቡራተር ፒካፕ ላይ የኤሌትሪክ ፓምፕ ችግር መፈለጊያ

ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ሲመላለስ ምንም የማይለው ፒካፕ ጭነት ይዞ ወደ ሐረር የሚወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲጀምር ይንተፋተፋል፣ በካርቡራተሩ በኩል ያስነጥሳል፣ ከዛ ቀጥ። ዳር ይዘህ ኮፈን ከፍተህ ትንሽ ስትቆይ ደሞ ይነሳል፣ ሁለት ኩርባ ታልፍና እንደገና ቀጥ። ጋራዥ ስትሄድ መኪናውን ገና ሳያዩት "ፓምፑ ነው፣ ቀይረው" ይሉሃል፣ ትቀይራለህ፣ ሰሞኑን ደህና የሆነ ይመስልና ያው ነው። አቦ ብር እንደሱ አይወጣም። በአብዛኛው የሚሞተው ፓምፑ አይደለም፣ ወይ መብራት በደንብ አይደርሰውም ወይ ራሱ ቤንዚን አይደርሰውም፣ እና አዲስ ፓምፕም ብታስር በዛው ሽቦና በዛው ቱቦ ስለሚሰራ በዛው ይቀጥላል።

እዚህ የማወራው ስለ ድሮዎቹ ነው፣ ሃይሉክስ 18አርና 22አር፣ ላንድክሩዘር ፒካፕ 2ኤፍ፣ ዳትሰን፣ ፔጆ 404 ፒካፕ ምናምን። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ሜካኒካል ፓምፕ ነው ያላቸው፣ 2ኤፍ ላይ ከሞተሩ ጎን ነው፣ 22አር ላይ ደሞ ከላይ ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ፊት ለፊት፣ ሁለቱንም ካምሻፍቱ ነው የሚገፋቸው። ዲያፍራሙ (ቤንዚኑን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ሲቀደድና ኦርጂናሉ ሲጠፋ ነው ሰው ባለ 12 ቮልት የኤሌትሪክ ፓምፕ የሚገጥመው። ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ በደንብ ከተገጠመ እንደውም ለኛ ሙቀት ይሻላል። ችግሩ አገጣጠሙ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ እሳት። ቤንዚን ከፍተህ ነው የምትሰራው ስለዚህ ሲጋራ የለም፣ ከጎንህ ቆሞ "ምን ሆነ" የሚልህም ሰው ሲጋራውን ይዞ ይራቅ። ሞተሩና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ እሳት ማጥፊያ ከሌለህ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብህ አርግ። ቱቦ ከመንቀልህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ቤንዚን በአፍህ ስበህ አታውጣ፣ ሳንባ ከገባ ቀልድ የለውም። እና ደሞ ያ መንገድ ላይ ሁሌ የሚሰራው ነገር፣ አንዱ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) እየመታ ሌላው ካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ በጠርሙስ ቤንዚን የሚያፈሰው፣ እሱን ተወው። አንዴ ወደላይ ቢያስነጥስ እጅህና ፊትህ ላይ ነው።

የሚያስፈልግህ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ሜትር የሚሆን የቤንዚን ቱቦ፣ ጥቂት ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ)፣ 10 አምፔር ፊውዝ ያለው ረዘም ያለ ሽቦ፣ ልኬት ያለው ጀሪካን፣ ከተገኘ ደሞ ከ0 እስከ 15 ፒኤስአይ የሚያነብ የግፊት ጌጅ። የጎማ ጌጅ አይሆንም፣ እኛ የምንፈልገው ሶስት አራት ፒኤስአይ ነው፣ እሱ እዛ ታች ምንም አያሳይህም።

1. በእርግጥ የቤንዚን ችግር ነው?

ይሄንን የምታየው መኪናው ቀጥ ባለበት ሰዓት እዛው ዳገቱ ላይ ነው። ተጎትቶ ሰፈር ገብቶ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። ሞተሩን አጥፋ፣ የኤር ፊልትሮውን ክዳን አንሳ፣ እጅህን ወደ ጋዙ ዘንግ ልከህ በአንዴ ሳብ አርገው። ከካርቡራተሩ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ሲረጭ ካየህ ገንዳው (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው። ደረቅ ከሆነ፣ ወይ ጠብ ብሎ ካቆመ፣ ቤንዚን አልደረሰም። ይሄን ስታረግ ማንም ሞተሪኖ እንዳይመታ።

የቶዮታ ካርቡራተር ያለው ሰው ደሞ እድለኛ ነው፣ ገንዳው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች። በባትሪ መብራት እያት፣ ቤንዚኑ መሃል አካባቢ መታየት አለበት። ባዶ ከሆነች ጨዋታው አለቀ፣ የአቅርቦት ችግር ነው። መሃል ላይ ካለ ግን ፓምፑን ተወውና ለካንዴላ እሳት ወደሚሰጡት ወደ ቦቢናና ፑንቲና ሂድ፣ ምክንያቱም ሲሞቅ የሚሞት ቦቢና ልክ እንደዚሁ ነው የሚያረገው፣ ይሞቃል ይጠፋል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይነሳል። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ፓምፕ ተጥሏል መሰለህ።

አንድ ልዩነት ደሞ ያዝ። ቤንዚን ሲያንስ መኪናው እየደከመ፣ እየተንተፋተፈ፣ እያስነጠሰ ነው የሚሄደው። የቦቢናው መብራት ሲቋረጥ ግን በአንዴ ነው፣ ቁልፉን እንዳጠፋኸው። ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚደክም ከሆነ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ቤንዚን በዝቷል።

2. ድምፁን ስማ

ሞተሩን ሳታስነሳ ኮንታክት ክፈት። ትንሿ ባለ አራት ማዕዘን ወይ ሲሊንደር መሳይ ፓምፕ ቱክ ቱክ ቱክ ትላለች። ጤነኛዋ መጀመሪያ ፈጠን ትላለች፣ መስመሩ ሞልቶ ግፊት ሲይዝ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ፈጥና ፈጥና ጭራሽ የማትቀንስ ከሆነ አየር እየሳበች ነው ወይ ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ባዶ ነው ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ጭራሽ ድምፅ ከሌላት መብራት አልደረሳትም ወይ ውስጧ ተጣብቋል። የሚዞረው አይነት ፓምፕ ደሞ ቱክ ቱክ ሳይሆን እዝዝዝ ነው የሚለው፣ ድምፁ ቀጭንና ጮክ ያለ ከሆነ ባዶውን እየዞረ ነው።

ግን ድምፅ አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። "ይሰማል እኮ፣ ይሰራል" የሚል ሰው ብዙ ነው። ፓምፕ እየጮኸም ምንም ላይገፋ ይችላል።

ድምፁ ጭራሽ ከጠፋብህ አንዴ በካቻቢቴ እጀታ ለስለስ አርገህ ነካ ነካ አርገው። ከተነሳ ውስጡ ደክሟል ማለት ነው፣ ቤት ያደርስሃል ግን እሱ ላይ ተማምነህ ኩሉቢ እንዳትሄድ።

3. መብራቱ

እዚህ ጋ ጊዜ ስጠው። አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚህ ነው፣ አብዛኛው ሰውም ሳይለካ የሚያልፈው ይሄንን ነው።

መጀመሪያ አጭሩ ፈተና። በቀዝቃዛ ሞተር፣ ቤንዚን የሚፈስበት ቦታ እንደሌለ አይተህ፣ የፓምፑን ፖዘቲቭ ሽቦ ንቀልና ፊውዝ ባለው ረጅም ሽቦህ በቀጥታ ከባትሪው ስጠው። የባትሪውን ጫፍ መጨረሻ ላይ ነው የምታገናኘው፣ ብልጭታው ከፓምፑና ከሳልባትዮው ርቆ እንዲሆን። ያኔ በጉልበት ከሰራ ፓምፑ ደህና ነው፣ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ካልሰራ ወዲያው አትፍረድበት፣ ማሳውንም (የኔጌቲቩን መስመር) ሌላ ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ አምጥተህ ስጠው። ሁለቱንም ሰጥተኸው ዝም ካለ አዎ፣ ያኔ ሞቷል።

ማሳ ያልኩት በምክንያት ነው። ፓምፑ እንዳይንቀጠቀጥና እንዳይጮህ ብለው ጎማ ላይ ያስሩታል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ጎማ መብራት አያሳልፍም፣ ስለዚህ ፓምፑ የራሱ የማሳ ሽቦ ያስፈልገዋል። ያ ሽቦ ደሞ ሻንሲው ላይ ቀለምና ዝገት ላይ ነው የሚታሰረው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገህ፣ በቡሎንና ዳዶ ጥብቅ አርገህ፣ ከላዩ ግራሶ ቀባው።

አሁን ትክክለኛው ልኬት። ብዙ ሰው ሽቦውን ከፓምፑ ነቅሎ ቴስተር ይሰካል፣ 12 ቮልት ያያል፣ "መብራት አለ" ይላል። ይሄ ያታልላል። ቴስተሩ የሚፈልገው ከረንት ኢምንት ስለሆነ አንድ ክር ብቻ በቀረው ሽቦ ውስጥም 12 ያሳይሃል፣ ፓምፑ ሲጎትተው ግን 8 ይሆናል። ስለዚህ የምትለካው ፓምፑ ታስሮ እየሰራ እያለ ነው። ቀዩን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የፓምፑ ፖዘቲቭ መግቢያ ላይ አርግ፣ የምታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው፣ ከ0.5 በላይ ከሆነ ሽቦህ ወይ ግንኙነትህ ታሟል። ቀጥሎ ቀዩን የፓምፑ ማሳ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ እዚህ ደሞ ከ0.2 በታች መሆን አለበት።

ብዙ ከጠፋ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሄድክ ለካ፣ ከፊውዙ በኋላ፣ ከሪሌው (በትንሽ መብራት ትልቁን መስመር የሚከፍተው ማብሪያ) በኋላ፣ ከኮንታክቱ በኋላ። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ጥፋቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥምጥም ተቀጥሎ በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ ነው የሚሆነው፣ ስትፈታው አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ።

አንድ በጣም የተለመደ ነገር ልንገርህ። ፓምፑን የገጠመው ሰው ቅርብ ያገኘው ፖዘቲቭ የቦቢናውን ስለሆነ ከዛ ይሰርቃል። ፑንቲና ያላቸው ብዙ የድሮ መኪኖች ግን ቦቢናው ፊት ሬዚስታንስ አላቸው፣ ሞተሪኖ ስትመታ ሙሉ 12 ይሰጣል፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ወደ 6፣ 8 ወይ 9 ይወርዳል። ፓምፑም ሲነሳ አንበሳ ነው፣ ከተነሳ በኋላ ይደክማል፣ ሜዳ ላይ ይበቃል ዳገት ላይ አይበቃም። ከዛም አልፎ ቦቢናውንም ያደክመዋል። ይሄንን ያየ ሰው ሌላ መፈለግ ሳያስፈልገው ችግሩን አገኘ ማለት ነው።

መፍትሄው ሪሌ ነው። 30 ቁጥር በ10 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ፣ 87 ወደ ፓምፑ፣ 86 ከኮንታክት፣ 85 ማሳ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ሽቦው ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን፣ 2.5 ብታገኝ እሱን ውሰድ፣ የስፒከር ሽቦ የሚባለውን ቀጭን ነገር አታስገባ። ሪሌ ካለህና ከጠረጠርከው ቁጥሮቹ አንድ አይነት ከሆኑ የክላክሱን ሪሌ ተዋሰው፣ በሰከንድ ውስጥ ታውቃለህ። አንዳንዱ ላይ ደሞ የዘይት ግፊት ስዊች በመሃል ገብቷል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም እንዲጠፋ፣ እሱን ለፈተና ብቻ ሁለቱን ሽቦ አገናኝተህ እለፈው፣ ከዛ መልሰው። ጭራሽ ከሌለህ ብታስገባው ጥሩ ነው፣ መኪና ተጋጭቶ ወይ ተገልብጦ ሞተሩ ቆሞ ኮንታክቱ ክፍት ከሆነ ፓምፑ ቤንዚን ማፍሰሱን አያቆምም።

ቴስተርህ እስከ 10 አምፔር የሚለካ ከሆነ ከረንቱንም እይ። ትንሿ ቱክ ቱክ ባዩ ፓምፕ ከ1 እስከ 2 አምፔር አካባቢ ነው የምትጎትተው፣ የሚዞረው ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ በብዙ በልጦ ፊውዝ የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ተጣብቋል ወይ ሽቦው ሻንሲ ነክቷል።

4. ከሳልባትዮ እስከ ፓምፑ

የኤሌትሪክ ፓምፕ ሲገፋ ጀግና ነው፣ ሲስብ ደካማ ነው። ይሄን ከያዝክ ግማሹ መጣ። ኮፈን ስር ከባትሪው አጠገብ የታሰረ ፓምፕ ካየህ ስራው ከጅምሩ ተበላሽቷል፣ ያን ሁሉ ሜትር እየሳበ፣ በሞተሩ ሙቀት እየተጠበሰ ነው የሚሰራው። ቦታው ኋላ ሳልባትዮው አጠገብ፣ ከቤንዚኑ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ከማርሚታው ራቅ ብሎ፣ ሻንሲው ላይ ድንጋይ በማይመታው በኩል ነው።

በመጀመሪያ ክዳኑን ክፈት፣ በእርግጥ። መኪናው ቀጥ ሲል ወዲያው የሳልባትዮውን ክዳን ስትከፍት ፍሽሽ ብሎ አየር ከገባ፣ ከዛም ከተነሳ፣ አየር ማስገቢያው ተደፍኗል። ኦርጂናሉ ክዳን ትንሽ መተንፈሻ አለው። ክዳኑ ጠፍቶ ሌላ የተገጠመበት፣ ወይ እንዳይረጭ ተብሎ ስሩ ፌስታል የተጠቀለለበት መኪና ድሬ ውስጥ በሽ ነው። ቤንዚኑ ሲወጣ አየር ካልተካው ፓምፑ ራሱ የፈጠረውን ቫኪዩም እየታገለ ይቆማል። ፌስታሉን አውጣው፣ ነፃ ጥገና።

ቀጥሎ የጀሪካኑ ፈተና፣ ከሁሉም በላይ የምወደው። ሳልባትዮውንና የድሮውን መስመር ሙሉ በሙሉ ትተህ፣ ከፓምፑ መግቢያ አዲስ ቱቦ አስረህ ጫፉን ንፁህ ቤንዚን ባለበት ጀሪካን ውስጥ ክተት። ጀሪካኑ ከፓምፑ ጋር እኩል ወይ ከፍ ይበል፣ ከማርሚታው ይራቅ፣ ጭነቱ ላይ በደንብ ይታሰር፣ የጀሪካኑም አፍ አየር ያስገባ። ሰፈር ውስጥ ሞተሩን አስነስተህ ጋዝ እየሰጠህ ሞክረው። በዚህ ጥርት ብሎ ከሰራ ፓምፑም ካርቡራተሩም ከተጠያቂነት ወጡ፣ ጥፋቱ ከፓምፑ ኋላ ነው። ካልተሻለው ወደ ቁጥር 5 እለፍ።

ከኋላ ከሆነ እጩዎቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛው የጎማ ቱቦው። የሚስብ ቱቦ ቢሰነጠቅ ቤንዚን ወደ ውጪ ላያፈስ ይችላል፣ አየር ነው የሚያስገባው፣ በተቀደደ ስትሮ ጁስ እንደመጠጣት ነው፣ ትስባለህ አይመጣም። ስለዚህ "አያፈስም እኮ" አትበል። ውስጧን የምታሳይ ቁራጭ ቱቦ ለፈተና ብቻ ከፓምፑ በፊት አስገባና እይ፣ አረፋ እየተከታተለ ከመጣ አገኘኸው። የውሃ ቱቦ ወይ የሚያሳየውን ፕላስቲክ ለዘላቂ አትጠቀም፣ ቤንዚንና የኛ ሙቀት አድርቀው ይሰነጥቁታል። ለቤንዚን የተሰራ ጎማ ቱቦ፣ ብዙዎቹ ላይ 8 ሚሊ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ፋሸታ። ሽቦ ጠምዝዘህ ማሰር ለመንገድ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፊልትሮው። ከፓምፑ በፊት የሚገባው ሸካራ ወንፊት ያለው መሆን አለበት፣ ወረቀት ያለው ደቂቁ ፊልትሮ ከፓምፑ በኋላ ነው የሚገባው። ብዙ ጊዜ ግን ተገላብጦ ነው የማገኘው፣ ወረቀቱ ከፊት፣ ፓምፑም ያንን ሲስብ ይታፈናል። ቀስቱንም እይ፣ ቀስቱ ወደ ካርቡራተሩ ነው የሚያመለክተው።

ሶስተኛው ሳልባትዮው ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቱቦ ጫፍ። የድሮ ሳልባትዮ ውስጡ ዝገት ነው፣ ዝገቱ ስትቆም ይወርዳል፣ ስትንቀሳቀስና ስትስብ ወደ አፉ ይመጣና ይደፍነዋል፣ ስትቆም ደሞ ይለቃል። ያ "ትንሽ ቆሞ ይነሳል" የሚለው ጨዋታ ከዚህም ይመጣል። ክዳኑን ከፍተህ፣ ቱቦውን ከፓምፑ ነቅለህ ወደ ሳልባትዮው በቀስታ አየር ንፋበት፣ የእጅ ፓምፕ ይበቃል። የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር ሙሉ ግፊት አትልቀቅበት፣ ሳልባትዮው ኳስ አይደለም። ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ቀድሞ ታፍኖ በኋላ ከተከፈተ አወቅከው፣ ያ ግን ጊዜያዊ ነው፣ ሳልባትዮው ወርዶ መታጠብ አለበት። ብየዳ ካስፈለገው ባዶ ሳልባትዮ ከሞላው ይበልጥ ይፈነዳል፣ እሱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይንካው።

ስለ ቤንዚኑም አንድ ነገር። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ሁላችንም ገዝተናል፣ ይሁን፣ ግን ውሃም ነጭ ጋዝም ቆሻሻም ሊኖረው ይችላል። በመስታወት ጠርሙስ ትንሽ ቀድተህ አስቀምጠው፣ ውሃ ካለ ከስር ለብቻው ይለያል። ነጭ ጋዙን በዓይን አትለየውም፣ ግን በጣትህ ነክተህ ስትለቀው ቶሎ ሳይደርቅ ቅባት ከተወ ጠርጥር።

5. ከፓምፑ ምን ይወጣል

ቱቦውን ከካርቡራተሩ ጋ ንቀልና ጫፉን ጀሪካን ውስጥ ክተት፣ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጥ፣ ሃይላንድ ቀሎ ይወድቃልና አትጠቀም። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን ሽቦ ፍታ። ፓምፑን 30 ሰከንድ አሰራ። ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሰጠህ ጤነኛ ነው።

ለምን እንደዛ እንደሚበቃ ልንገርህ። ጭነት የያዘ ፒካፕ ዳገት ላይ በሰዓት 20 ሊትር ይጠጣል ብንል በደቂቃ 330 ሚሊ ገደማ ነው። በደቂቃ 300 ሚሊ ብቻ የሚሰጥ ፓምፕ ታዲያ ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅበትም፣ ቆሞ ሲሰራ የሚፈልገው በጣም ትንሽ ነው፣ ዳገቱ ላይ ግን ገንዳው ከሚሞላው በላይ ይጎድላል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ይደርቃል። ስትቆም ፓምፑ ቀስ ብሎ ይሞላውና ይነሳል። ደንገጎ ላይ የሚሆነው ይሄው ነው።

ግፊቱን ደሞ በቲ (ባለ ሶስት አፍ መገናኛ) ከፓምፑና ከካርቡራተሩ መሃል ለካ። የጃፓን ካርቡራተሮች ከ2.5 እስከ 4 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የሚፈልጉት፣ በባር ከ0.17 እስከ 0.28። የአሜሪካኖቹ እስከ 6ና 7 ይችላሉ። ግፊቱ ትክክል ሆኖ መጠኑ ካነሰ መስመሩ ጠቧል፣ ሁለቱም ካነሱና መብራቱንም ማሳውንም ቱቦውንም አይተህ ከጨረስክ እሺ፣ ፓምፑ ደክሟል፣ አሁን ግዛ።

ኮንታክቱን ስትዘጋ ግፊቱ ወዲያው ወደ ዜሮ ከወደቀ ወይ የፓምፑ ቫልቭ አይዘጋም ወይ የካርቡራተሩ መርፌ (ገንዳው ሲሞላ መግቢያውን የምትዘጋው) ያፈሳል። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖ ብዙ የሚያስመታ መኪና እዚህ ጋ ይታያል።

መንገድ ላይ ካልሆነ የማይታይ ችግር ከሆነ ጌጁን በረጅም ቱቦ ከኮፈኑ ስር አውጥተህ ከፊት መስታወቱ በውጭ በኩል በፕላስተር እሰረውና ሰው ይዘህ ዳገቱን ውጣ። ካቢን ውስጥ በፍፁም አታስገባው። ግፊቱ ቀድሞ ወርዶ ከዛ ሞተሩ ከደከመ አቅርቦት ነው፣ ግፊቱ ሳይወርድ ሞተሩ ከደከመ ካርቡራተር ወይ የቦቢናው መብራት ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

6. ካርቡራተሩ መግቢያ

ቱቦው የሚገባበት ቡሎን ውስጥ ብዙዎቹ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ወንፊት አለች። ማንም አያስታውሳትም። ፍታት፣ እጠባት፣ የመዳቡን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሳትረሳ መልሳት።

ቤንዚን የሚበዛበት ከሆነ ደሞ፣ ጥቁር ጭስ፣ ከካርቡራተሩ ላይ ማንጠባጠብ፣ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት፣ የፓምፑን ግፊት ጠርጥር። የዘመናዊ ኢንጄክሽን መኪና ፓምፕ ከ30 ፒኤስአይ በላይ ነው የሚገፋው፣ ያንን ካርቡራተር ላይ መግጠም ማለት መርፌዋን በጉልበት ከፍቶ ሞተሩ ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነው። "ይሰራል፣ ሬጉሌተር እናስገባለታለን" የሚልህን አትስማ፣ ተራው ትንሽ ሬጉሌተር ለዚያ ግፊት አልተሰራም። ሱቅ ስትሄድ የካርቡራተር በለው፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ግፊት አንብብ።

ዘይት መለኪያውን ስታወጣ ደረጃው ከፍ ብሎ ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሳ። አንዳንዱ ሰው የተቀደደውን ሜካኒካል ፓምፕ ሳያወጣ ኤሌትሪኩን ከኋላው ይቀጥለዋል፣ የኤሌትሪኩ ግፊት በተቀደደው ዲያፍራም በኩል ቤንዚኑን ወደ ዘይቱ ይልከዋል። ሜካኒካሉን አውጣ፣ ቀዳዳውን በወፍራም ላሜራና በጓርኒሲዮን ዝጋ፣ ዘይቱን ቀይር።

ሙቀቱስ?

ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሐረር 1900 ገደማ፣ መሃል ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አብዛኛው መውጣት ደሞ ገና ከድሬ ስትወጣ ነው፣ በሙቀቱ በኩል። የቤንዚኑ ቀላል ክፍል ከ40 ዲግሪ በታችም መፍላት ይጀምራል፣ ከፍታ ስትጨምር ደሞ ይበልጥ ይቀላል። መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ሲሞላ ፓምፑ የሚገፋው ፈሳሽ ያጣል። የጌጁ መርፌ ሲዋዥቅና ውስጡ በሚያሳይ ፊልትሮ ውስጥ ቤንዚኑ ሲፈላ ካየህ ይሄ ነው።

እርጥብ ጨርቅ መስመሩና ፓምፑ ላይ ጠቅልለህ ወዲያው ከተነሳ አረጋገጥክ። መፍትሄው ጨርቁ አይደለም ግን፣ ፓምፑን ወደ ኋላ ማዞር፣ የብረቱን መስመር ከማርሚታው ማራቅ ወይ በመሃል ላሜራ መጋረድ፣ ካርቡራተሩ ስር ያለው ወፍራም ጓርኒሲዮን በቀጭን ተተክቶ ከሆነ ኦርጂናሉን መመለስ ነው። መመለሻ መስመር ያለው መኪና ላይ ደሞ መመለሻውን የደፈነ ሰው ካለ ክፈተው፣ ቤንዚኑ እየዞረ ነው የሚቀዘቅዘው።

ዳገቱን ጨርሰህ ሐረር ሳትደርስ አወዳይ ላይ አቁመህ ጉዳይህን ጨርሰህ ስትመለስ አልነሳ ካለ ደሞ ሌላ ነው፣ የቆመው ሞተር ሙቀት ገንዳው ውስጥ ያለውን ቤንዚን አፍልቶ ወደ ውስጥ አፍስሶታል። ጋዙን እየረገጥክ አትልቀቅ፣ እስከ ታች ረግጠህ ያዝና ሞተሪኖ ምታ፣ ሲነሳ ልቀቅ።

አንድ ደሞ እንዳትደናገር፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተር መኪና በተፈጥሮው ትንሽ ይደክማል። ሐረር ላይ እንደ ድሬ አልጎተተም ማለት ፓምፑ ታሟል ማለት አይደለም።

አዲስ ከገዛህ

ሱቁ ውስጥ በደረቁ ለረጅም ጊዜ አታስጩኸው፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃል፣ ቤንዚኑ ነው የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው። ላዩ ላይ ያለውን ቀስት እይ። አሮጌው እየሰራ ከነበረ ከወንበር ስር አስቀምጠው፣ ከሱ ጋር አንድ ሪሌ፣ ሁለት ሶስት ፊውዝ፣ አንድ ሜትር ቱቦ፣ አራት ፋሸታና አንድ ፊልትሮ ያዝ። ሳልባትዮውን ያሳጠብክ ከሆነ ደሞ የመጀመሪያው ፊልትሮ የተረፈውን ዝገት ስለሚሰበስብ ሁለት ሙሉ ሳልባትዮ ከነዳህ በኋላ አውጥተህ ጣለው፣ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ሁለተኛውንም እንደዛው ቶሎ ቀይረው።